የሊቁ የሽቴለር ታሪክና የባሕር ላም

ጌኦርግ ቪልሄልም ሽቴለር የሚባለው የተፈጥሮ መርማሪ በ1709 ዓመት በጀርመን አገር ተወለደ፤ የተወለደባትም ከተማ ቪንድስሃይም ትባላለች። በዚህ ታሪክ የሚነገረው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። አባቱ የቤተ ክርስቲያን የዜማ መሪ ነበረ፤ ባለጠጋም አልነበረም። ልጁ ግን ለትምህርት ትጉህ ስለ ነበረ በቪተንበርግ ከተማ የሃይማኖትን ትምህርት ለመማር ገባ። ከዚያም ወደ ሃሌ ከተማ ሄዶ የሕክምናን፥ የዕፀዋትንና የእንስሳትን ነገር ተማረ፤ በዚያም ሳለ ልጆችን ያስተምር ነበረ።

በዚያ ዘመን የሩሲያ መንግሥት ከእስያ ዳርቻ ወዲያ ምን ምድርና ምን ባሕር እንዳለ እንዲመረምሩ መርከበኞችንና ሊቃውንትን ይልክ ነበረ። የመርከበኞቹም አለቃ በዴንማርክ አገር የተወለደው ቪቱስ ቤሪንግ ነበረ። ሽቴለር በ1734 ወታደሮችን በምታመላልስ መርከብ ሐኪም ሆኖ ወደ ፒተርስቡርግ ከተማ ገባ። የሩሲያ የሊቃውንት ጉባኤም ዕውቀቱን አይቶ ወደ ምሥራቅ ላከው። ሲቤሪያን አቋርጦ ካምቻትካ እስከሚባለው አገር ለመድረስ ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀበት። በመንገድም ብዙ ዕቃና ብዙ አሽከር አልያዘም፤ ምግቡን ራሱ እያበሰለ በጥቂት ነገር ይኖር ነበረ።

በሰኔ ወር በ1741 ቤሪንግ ቅዱስ ጴጥሮስ በምትባል መርከብ ከካምቻትካ ተነሣ፤ ሽቴለርም አብሮት ተሳፈረ። በሐምሌ በረዶ የለበሱትን የአላስካን ተራሮች አዩ፤ ካያክ በምትባል ደሴትም አጠገብ መልሕቅ ጣሉ። የመርከቡ ሹማምት ውኃ ቀድተው በቶሎ ለመመለስ ብቻ ያስቡ ነበረ። ሽቴለር ግን ወደ ምድር ለመውረድ አጥብቆ ስለ ለመነ ዐሥር ሰዓት ያህል ተፈቀደለት። በዚህ አጭር ጊዜ ብዙ ዕፀዋት ሰበሰበ። አንድ ሰማያዊ ወፍም በተገኘ ጊዜ ዘመዱን በመጽሐፍ ውስጥ ተሥሎ ያየው መሆኑን አስታወሰ፤ ያ በሥዕል የታየው ወፍ የአሜሪካ ወፍ ነበረና የደረሱበት ምድር አሜሪካ መሆኑን በዚህ ዐወቀ።

በመመለሻው መንገድ ዐውሎ ነፋስና ጭጋግ መርከቢቱን አስጨነቋት። መርከበኞቹም ትኩስ አትክልት ባለመብላት በሚመጣ በሽታ ተያዙ፤ ይህ በሽታ ድድን ያቈስላል፥ ጥርስን ያረግፋል፥ ጕልበትንም ያደክማል። ሽቴለር ለዚህ የሚረዱ ቅጠሎች እንዳሉ ስላወቀ ከደሴቶች ላይ እንዲሰበሰቡ መከረ። ነገር ግን እርሱ ቍጡና ኵሩ ሰው ስለ ነበረ፥ ሹማምቱም ከባሕር ሰው በቀር ምክር የሚቀበሉ ስላልነበሩ፥ ቃሉን አልሰሙትም። እርሱም ብቻውን የቻለውን ያህል ለቅሞ ለቤሪንግና ለሌሎች በሽተኞች ሰጠ። ቅጠሉን የበሉትም ለጊዜው በረቱ፤ ቅጠሉ ሲያልቅ ግን በሽታው ተመለሰባቸው።

በኅዳር ወር መርከቢቱ ሰው ወደማይኖርባት ደሴት ደረሰች፥ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ማዕበል ወደ ዳር ጥሎ ሰበራት። ይህች ደሴት ዛሬ የቤሪንግ ደሴት ትባላለች። መርከበኞቹ በአሸዋ ውስጥ ጕድጓድ ቈፍረው፥ የመርከቢቱንም ሸራ ከላዩ ጋርደው ክረምቱን አሳለፉ። የተራቡ ቀበሮዎች በሌሊት እየመጡ ጫማቸውንና ምግባቸውን ይወስዱባቸው ነበረ። በታኅሣሥ ቤሪንግ ሞተ። ሽቴለር ግን ለሕመምተኞቹ ሐኪምም ወጥ ሠሪም ሆነላቸው፤ የባሕር እንስሳትን ትኩስ ሥጋና ከበረዶ ሥር የሚገኘውን ቅጠል ያበላቸው ነበረ። በመርከቢቱ ከተሳፈሩት ከ70 በላይ ከሆኑት ሰዎች 46 ብቻ በሕይወት ቀሩ።

ሽቴለር በዚህ መከራ ውስጥ ሳለ መመርመሩን አልተወም። በደሴቲቱ ዳር አራት ዓይነት ታላላቅ የባሕር እንስሳትን አየ፤ እነርሱም የባሕር አቆስጣ፥ የባሕር ድብ፥ የባሕር አንበሳና የባሕር ላም ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ የሚያስደንቀው የባሕር ላም ነበረ። በሕይወት ሳለ አይቶ የመረመረው የተፈጥሮ ሊቅ ሽቴለር ብቻ ነው።

የባሕር ላም እንደ ዓሣ ነባሪ በውኃ የሚኖር፥ ነገር ግን እንደ ላም ሣር የሚግጥ እንስሳ ነበረ። ሽቴለር የለካት አንዲት እንስት ርዝመትዋ 7 ሜትር ተኩል ያህል ሆነ። ቈዳው እንደ አሮጌ ዛፍ ቅርፊት ሻካራና ወፍራም ነበረ። ጥርስ አልነበረውም፤ የባሕርን ሣር የሚያደቅቅባቸው ሁለት ጠንካራ ሳንቃዎች በአፉ ውስጥ ነበሩ። ጀርባውም ከውኃ በላይ ይታይ ስለ ነበረ ወፎች ይቀመጡበት ነበረ። ሰውን አይፈራም፥ አይጣላምም። ከመንጋው አንዱ በብረት መንጠቆ ሲያዝ ሌሎቹ ገመዱን ለመስበር ይታገሉ ነበረ። አንዲት እንስት በተገደለች ጊዜም ባልዋ ሬሳዋ ወዳለበት ዳርቻ ሁለት ቀን ተከታትሎ መጣ።

ሽቴለር ይህን እንስሳ በዝናብና በብርድ ቆሞ መረመረ። ረዳቶቹንም በትንባሆ እየከፈለ ያሠራ ነበረ። እርሱ ሲለካና ሲጽፍ ቀበሮዎች ከአጠገቡ ወረቀቱንና የቀለም ዕቃውን ይሰርቁ ነበረ። እርሱ ግን ጽሕፈቱን ፈጸመ።

በበጋ የቀሩት ሰዎች ከተሰበረችው መርከብ እንጨት ትንሽ ጀልባ ሠሩ። የባሕሩም ላም ሥጋ ለዚህ ሥራ ኀይል ሰጣቸው። በነሐሴ 1742 ተሳፍረው ወደ ካምቻትካ በደኅና ደረሱ። ጀልባዋ ጠባብ ስለ ነበረች ሽቴለር የሰበሰበውን አጥንትና ቈዳ በደሴቲቱ ትቶ የጻፈውን ብቻ ያህል ይዞ ተመለሰ።

ከዚህም በኋላ ሽቴለር የካምቻትካን ተወላጆች የሚያስጨንቁትን ሹማምት ስለ ተቃወመና እስረኞችን ስለ ፈታ ተከሰሰ። ሲመረመር ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ ነገር ግን የፍርዱ ወሬ በጊዜው ስላልደረሰ ከመንገዱ ዳግመኛ ተይዞ ተመለሰ። በመጨረሻም ተለቅቆ ሲሄድ በኅዳር 1746 በቲዩመን ከተማ በንዳድ ሞተ፤ ዕድሜውም 37 ዓመት ነበረ። ስለ ባሕር እንስሳት የጻፈው መጽሐፍ ከሞተ በኋላ በ1751 ታተመ።

ነገር ግን መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ሌላ ነገር ዠምሮ ነበረ። ከደሴቲቱ የተመለሱት ሰዎች የባሕር አቆስጣን ቈዳ አምጥተው ነበረና፥ የዚህን ቈዳ ዋጋ የሰሙ አዳኞች ወደዚያ ጐረፉ። ስንቃቸውም የባሕር ላም ሥጋ ሆነ። ከወጓቸው እንስሳት ብዙዎቹ ቈስለው ወደ ጥልቁ እየሸሹ በከንቱ ይሞቱ ነበረ። በ1755 ፒዮትር ያኮቭሌቭ የሚባል የማዕድን መሐንዲስ ይህን አይቶ፥ አደኑ እንዲከለከል ለካምቻትካ ሹማምት አመለከተ። ሰሚ ግን አላገኘም። በ1768 የመጨረሻው የባሕር ላም መገደሉ ተነገረ። ሽቴለር ወደ ደሴቲቱ ከደረሰ 27 ዓመት ብቻ ሆኖ ነበረ።

ሽቴለር ራሱ የእነዚህን እንስሳት ብዛት አይቶ ለካምቻትካ ሰዎች ሁሉ ዘወትር የሚበቃ ምግብ ይሆናሉ ብሎ አስቦ ነበረ። ርዝመታቸውንና ውፍረታቸውን በትክክል የለካው ሊቅ፥ መጨረሻ እንዳላቸው ግን ሳያስተውል ቀረ። እንስሳቱ በአንድ ባሕር ዳርቻ ብቻ የቀሩ ጥቂቶች ነበሩ፤ በአንድ ቦታ ተሰብስበው ስለ ታዩ ግን የበዙ መሰሉ።

የባሕር አቆስጣም እንደዚሁ ሊጠፋ ቀርቦ ነበረ። ነገር ግን በ1911 ሩሲያ፥ አሜሪካ፥ ጃፓንና እንግሊዝ የባሕር ድብንና የባሕር አቆስጣን ለመጠበቅ ውል ተዋዋሉ። ከዚያም በኋላ የባሕር አቆስጣ ቀስ በቀስ ተመልሶ በዛ። የእርሱ መመለስ ለሌላውም ጠቀመ፤ የባሕርን ሣር የሚጨርሱትን እሾሃም የባሕር ፍጥረቶች ይበላልና፥ እርሱ ባለበት ሣሩ ይለመልማል፥ ዓሦችም በሣሩ ውስጥ ይጠለላሉ።

የባሕር ላም ዘመድ ግን ዛሬም አለ። ዱጎንግ ይባላል፤ በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ይኖራል። እርሱም ገርና ሣር በል ነው። አየር ለመተንፈስ ወደ ላይ መውጣት ስለሚያስፈልገው በዓሣ አጥማጆች መረብ ሲያዝ ታፍኖ ይሞታል፤ ስለዚህ ቍጥሩ በብዙ ቦታ ቀንሶአል።

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ተማሩ። በመከራ ጊዜ እንኳ ሥራውን የማይተው ሰው ለኋለኛው ትውልድ ጠቃሚ ነገር ያስቀራል፤ ሽቴለር ባይጽፍ ኖሮ የባሕር ላም ጠባይ ለዓለም ሳይታወቅ በጠፋ ነበረ። ሁለተኛውም ይህ ነው፤ ብዙ የሚመስል ነገር ያልቃል፥ የጠፋ ፍጥረትም በገንዘብ አይመለስም። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ስለዚህ ነው። ለባሕር ላም ቅጠሉ ዘገየ፤ ለባሕር አቆስጣ በጊዜው ደረሰ፤ ለዱጎንግም ጊዜው ገና አላለፈም።