ሉዊ ፓስተርና የእብድ ውሻ በሽታ

ሉዊ ፓስተር እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1822 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ከቆዳ ፋቂ አባት ተወለደ። ሊቅ ነበረ እንጂ ሐኪም አልነበረም።

የእብድ ውሻን በሽታ የሚያመጣውን ቫይረስ በማጉያ መነጽር ፈልጎ አጣው፤ ለዚያ ዘመን መነጽር እጅግ ደቂቅ ነበረና። ቫይረሱ ብቻውን አይራባም፤ በንክሻው ቍስል ገብቶ በነርቭ መንገድ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይወጣል፤ ሕዋሳቱንም ሥራቸውን አስትቶ የራሱን መሰል ያሠራቸዋል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ከስንት አንድ ነው፤ አስቀድሞ የተከተበ ግን ያመልጣል።

ፓስተር የታመሙ ጥንቸሎችን ሕብለ ሰረሰር አድርቆ ክትባት አዘጋጀ። በ1885 ዓ.ም. እብድ ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ እናቱ ከአልዛስ ወደ ፓሪስ አመጣችለት። ሐኪም 13 ጊዜ ወጋው፤ ፓስተርም ልጁ እንዳይሞት በመፍራት እንቅልፍ አጣ። ልጁ ግን ዳነ፤ ካደገም በኋላ በፓሪስ የፓስተር ተቋም በረኛ ሆነ።