የአበበ ቢቂላ ሁለተኛው ሩጫ

በካምፓችን ውስጥ የአበበ ቢቂላን ስም የማያውቅ ልጅ የለም። ስለ እሱ ምን ታውቃላችሁ ብዬ ስጠይቃቸው ግን መልሳቸው አንድ ነው፤ ጫማ ስላልነበረው በባዶ እግሩ ሮጦ ጣሊያን አገር አሸነፈ ይሉኛል። ታሪኩ እዚያ ላይ ይቆማል። እኔ ደግሞ እዚህ ገዳሪፍ ላለነው ሰዎች የሚበጀው ከዚያ በኋላ ያለው ነው እላለሁ። ስለዚህ ዛሬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ላውጋችሁ።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ጃቶ በምትባል ትንሽ የገጠር መንደር ነው። ገና የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ ጣሊያን አገራችንን ወረረ። ቤተሰቡም ቀዬውን ጥሎ ጎሮ ወደሚባል ራቅ ያለ ቦታ ሸሸ። እንግዲህ ዓለም የሚያውቀው ጀግና ልጅነቱን የጀመረው እንደኛ ልጆች በመፈናቀል ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ኢትዮጵያዊ ወደ ሱዳንም ተሰዷል። ጃንሆይ ራሳቸው ካርቱም ቆይተው፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኡም ኢድላ በኩል ድንበሩን ተሻግረው ነው አገራቸው የገቡት። ይህ የተጠለልንበት ምድር ለኛ ወገን መጠጊያ ሲሆን የመጀመሪያው አይደለም።

የአበበ ቤተሰብ በኋላ ወደ አገሩ ተመለሰ። ልጁም የገበሬ ልጅ ሆኖ፣ ገና እየተጫወተ አደገ። በ1940ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ገብቶ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። ከሱሉልታ ተራሮች አዲስ አበባ ድረስ ደርሶ መልስ ይሮጥ ነበር። ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ያዩት በዚያ ጊዜ ነው።

የሮም ኦሎምፒክ ማራቶን የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። በኛ አቆጣጠር የእንቁጣጣሽ ዋዜማ መሆኑ ነው። ልጆቻችን እንደሚሉት አበበ ጫማ ቸግሮት አልነበረም። ሮም ላይ የሞከረው ጫማ እግሩን ስላልተስማማው፣ በባዶ እግርም ልምምድ ስለነበረው፣ አስቦ የመረጠው ነገር ነው። ሩጫው አመሻሽ ላይ ተጀምሮ በጨለማ አለቀ። መንገዱን ችቦ ይዘው ያበሩለት የጣሊያን ወታደሮች ነበሩ። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት የጣሊያን ጦር ነበር ቤተሰቡን ከቀዬው ያፈናቀለው። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ፣ ጣሊያኖች ዘርፈው ሮም ባቆሙት የአክሱም ሐውልት አጠገብ አልፎ ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎት ሄደ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፤ የዓለም ምርጥ ሰዓት! ሐውልቱም ቢሆን በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጠ። የትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን ከተደረገ ገና አርባ ቀን ገደማ ነበር። ሁለተኛ የወጣውን ከአራት ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገባ፤ ገብቶም ሣሩ ላይ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። ማራቶንን በሁለት ተከታታይ ኦሎምፒክ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ሜክሲኮ ላይ በ1961 ዓ.ም. ግን እግሩ ታሞ ስለነበር 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ። የክብር ዘበኛ ጓደኛው ማሞ ወልዴ አብሮት ይሮጥ ነበር። በኋላ ማሞ ሲናገር እንደተሰማው፣ አበበ አደራውን ለእሱ አስተላልፎ ነው የወጣው። ማሞም አደራውን አልበላም፤ አንደኛ ወጣ። እኔ ከአበበ ታሪክ ይሄን ቦታ በጣም እወደዋለሁ። እኔ ካልቻልኩ ጓደኛዬ ይቻል ማለት ለሻምፒዮን ቀርቶ ለማናችንም ቀላል አይደለም።

ሜክሲኮ ከተሮጠ ከአምስት ወር ገደማ በኋላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ አበበ ሲነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገለበጠች። ከዚያ ቀን በኋላ በእግሩ አልቆመም። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ። መጀመሪያ ላይ አንገቱን እንኳ ማዞር አይችልም ነበር። ከብዙ ሕክምና በኋላ እጆቹ ተመለሱለት፤ እግሮቹ ግን በዚያው ቀሩ።

በዚያ ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳተኞችን ክፍል ያቋቋሙት ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ይባላሉ። እሳቸውም ስደተኛ ነበሩ። ጀርመናዊ አይሁዳዊ ናቸው፤ ከሂትለር ሸሽተው እ.ኤ.አ. በ1939 እንግሊዝ የገቡ። በጦርነት ሽባ የሆኑ ወታደሮች አልጋ ላይ ተኝተው ሞትን ብቻ መጠበቃቸውን አልተቀበሉም። እ.ኤ.አ. በ1948 በተሽከርካሪ ወንበር አስቀምጠው ቀስት አወዳደሯቸው። ዛሬ ፓራሊምፒክ የሚባለው ትልቅ ውድድር የተወለደው ከዚያ ነው።

አበበም በዚያው ቦታ እንደገና ተወዳዳሪ ሆነ። በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ። በዓመቱ ኖርዌይ ሄዶ በረዶ ላይ በሸርተቴ የሚደረገውን የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር አሸነፈ። አስቡት እስቲ፤ ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅ ያለው ሰው፣ ስሙ ከበቂ በላይ የሆነ ሰው፣ ቤቱ ተቀምጦ በተከበረ። እሱ ግን እንደ አዲስ ጀማሪ ቀስት መሳብ ተማረ። የሁለተኛው ሩጫ የምለው ይሄንን ነው።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ። ከአደጋው ጋር በተያያዘ ጭንቅላቱ ውስጥ በፈሰሰ ደም ነው የሞተው። እኔ ያኔ አዲስ አበባ ተማሪ ነበርኩ። አስከሬኑ ወደ ቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ሲሄድ የነበረው ሕዝብ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ጃንሆይም ተገኝተው ነበር፤ አገሩ በሙሉ ሐዘን ተቀመጠ። ዓመት ሳይሞላ ንጉሡ ወረዱ። ከዚያ ወዲያ እዚያ ሰልፍ ላይ አብሬያቸው ካለቀስኩት ሰዎች ስንቱ በመተማ በኩል ገዳሪፍ እንደገባ እግዜር ይወቀው። እኔም አንዱ ነኝ። ኡምራኩባ በ1970ዎቹ ተከፍቶ፣ ተዘግቶ፣ በ2013 ዓ.ም. እንደገና ለአዲስ ስደተኛ ሲከፈት አይቻለሁ።

ይሄን ሁሉ የምጽፈው በካምፓችን ስላሉ ወጣቶች ነው። በጥይት እግሩ የተቆረጠ አለ፣ ወገቡ የማይንቀሳቀስ አለ። ማታ ማታ ልጆች ዋልካው ሲደርቅ ጠብቀው ኳስ ሲጫወቱ፣ እነዚህ ልጆች ራኩባው ሥር ተቀምጠው ያያሉ። ከዚህም የባሰው፣ ቤተሰብ እንዳይጎዱ ብሎ ከነጭራሹ የማያወጣቸው አሉ። ክፋት አይደለም፤ እዘናቸው ነው። ግን አበበን እንዲህ አዝነን ቤት አስቀምጠነው ቢሆን ኖሮ፣ የኖርዌዩን ድል ማን ያየው ነበር?

ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ቀስት ከእንጨት ይሠራል፤ ልጆቻችን ሲሠሩት አይቻለሁ። ዒላማው ጆንያ ላይ በከሰል የተሳለ ክብ ይሁን። በመጪው የካምፕ ውድድር የኳሱ ቡድን ሲከፋፈል፣ ለተቀመጡትም አንድ ውድድር ይዘጋጅ፤ ቁጥር ይሰጣቸው፣ ዳኛ ይቁምላቸው፣ የተሸነፈም በግልጽ ይሸነፍ። ወላጆች፣ ልጃችሁን አውጡት። ወጣቶች፣ ጓደኛችሁን ተሸክማችሁም ቢሆን አምጡት። ስለ አበበ ስታወሩለትም ሮም ላይ አታቁሙ፤ የቀስቱንም ንገሩት።