ቴዎዶር ቢልሃርዝ፦ የሽንት ፊኛን ሕመም ምንጭ ያገኙት ሐኪም

ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ እ.አ.አ. በ1825 በዚግማሪንገን ተወለዱ። በ1850 ከመምህራቸው ከግሪዚንገር ጋር ወደ ግብጽ ተሻገሩ። በቀጣዩ ዓመት ካይሮ ውስጥ አስከሬን ሲመረምሩ፣ ሽንትን ከደም የሚቀላቅለውን ትል አገኙ። ግኝታቸውንም ለቀድሞ መምህራቸው ለፎን ዚቦልት በደብዳቤ ልከው ለሌላ ባለሙያ ዓይን አቀረቡ። በ1862 አንድ የጀርመን መስፍንን አጅበው እስከ ምጽዋ ተጓዙ፤ በተስቦ ታመው በ37 ዓመታቸው ካይሮ ውስጥ አረፉ።

በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍም የሚታወቀው ቢልሃርዚያ ስማቸውን ይዟል። ትሉ ለፊኛ ካንሰር እንደሚዳርግ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በ1994 አረጋገጠ። ጅምር ላይ ያለን ካንሰር ናሙና ሁለት ባለሙያዎች ዛሬም ለየቅል ሊያነቡት ይችላሉ። ፊኛው ይውጣ ወይስ ይቆይ የሚለው ውሳኔ ያኔ የሁለተኛ ዓይን ምስክርነት ይሻል።