ዐፄ ፋሲልና በጐንደር ያቆሙት ግንብ

ዐፄ ፋሲል የዐፄ ሱስንዮስ ልጅ ናቸው። የተወለዱት በሸዋ ምድር መገዘዝ በሚባለው ስፍራ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1603 ነው፤ ከዚህ በታች የተጻፉትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ከሁሉ ይልቅ ድንኳን ነበር። ንጉሡ የሰፈሩበት ሜዳ ለጥቂት ወራት ከተማ ይሆናል፤ ማገዶውና ቀለቡ ሲያልቅ ደግሞ ከተማው ተነቅሎ ይሄዳል።

ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ተቀብለው፥ በኋላም ሕዝቡ እንዲከተላቸው ባዘዙ ጊዜ አገሩ በዐመፅ ታወከ። በ1632 በወይና ደጋ ከላስታ ሰዎች ጋር በተደረገው ጦርነት ድሉ የንጉሡ ሆነ፤ ነገር ግን በሜዳው የወደቁት ብዙ ሺህ ሰዎች የገዛ ዜጎቻቸው ነበሩ። ስለዚህ ሱስንዮስ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ፈቅደው ዘውዱን ለልጃቸው ለቀቁ፤ በዚያው ዓመት ዐረፉ።

ዐፄ ፋሲል፥ በመንግሥት ስማቸው ዓለም ሰገድ፥ የእስክንድርያን ሃይማኖት መልሰው አጸኑ። ከሮም የተላከውን ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝን ከነባልደረቦቹ በመጀመሪያ ወደ ትግራይ ወደ ፍሬሞና፥ ቀጥሎም በ1634 ከአገር አስወጡ። በ1638 አጋታንጅና ካሲያን የተባሉ ሁለት የካፑቺን መነኮሳት በጐንደር ተሰቀሉ። የደም ጊዜ ገና ያላለፈ ቢሆንም፥ የዚህን ፍርድ ጭካኔ መሸፈን አይገባም።

ሆኖም ካህናቱን ያባረሩት ንጉሥ ኖራቸውን አላባረሩም። ድንጋይን በኖራ አያይዞ መገንባት በአባታቸው ዘመን በደንቀዝና ኢየሱሳውያን በተቀመጡባቸው ስፍራዎች የታየ ጥበብ ነበረ። ዐፄ ፋሲል በ1636 ጐንደርን ከተማቸው ካደረጉ በኋላ ይህንኑ ጥበብ ለራሳቸው ቤት አዋሉት። ግንቡ በአራት ማዕዘኑ ላይ ጕልላት የደፉ ክብ ማማዎች አሉት፤ የጣሪያው ዙሪያ እንደ መጋዝ ጥርስ የተከፈለ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ማማ ሰማይ ጥርት ባለ ቀን እስከ ጣና ያሳያል። በ1648 ከየመን ኢማም ተልኮ የመጣው ሐሰን አል ሐይሚ ሕንፃውን አይቶ አድንቋል፤ የግንበኞቹም አለቃ የህንድ ሰው እንደ ነበረ ጽፏል። መልእክተኛው የገባው በቤሉል ወደብ ነው፤ ንጉሡ ቱርኮች ከያዙት ከምጽዋ ሌላ የባሕር በር ይፈልጉ ነበርና። ወደ ህንድም፥ ወደ ሞጉሉ ንጉሥ ወደ አውራንግዜብ፥ መልእክተኞች ልከዋል። በራቸውን ለአውሮፓ ሲዘጉ ለምሥራቅ ከፈቱት ማለት ይቻላል።

ከከተማው ወጣ ብሎ በቀሐ ወንዝ አጠገብ በስማቸው የሚጠራው መዋኛ አለ። ከወንዙ በቦይ በሚመጣ ውሃ የሚሞላ ሰፊ ገንዳ ሲሆን፥ በውስጡ በድንጋይ ቅስቶች ላይ ባለ ፎቅ ግንብ ቆሟል፤ የሚገባበትም በድንጋይ ድልድይ ነው። በእንግሊዝ አገር በ1385 እንዲሠራ የተፈቀደውን፥ በውሃ የተከበበውን የቦዲያምን ምሽግ ያየ ሰው ይህን ሲያይ ያስታውሰዋል። ልዩነቱ ግን በመጠን ብቻ አይደለም። የቦዲያም ውሃ ጠላትን ለማራቅ የታሰበ ነበረ፤ የጐንደሩ ገንዳ ግን ደረቅ ሆኖ ይከርምና በየዓመቱ ለጥምቀት ሲሞላ ሕዝቡን ሁሉ ይጠራል። ጥርስ ያለውን ጣሪያውን ለሚመለከት፥ ትንሹ ቤት የትልቁ ግንብ አምሳል ይመስላል።

ንጉሡ የሠሩት ሁሉ ግን የሚያስደስት አልነበረም። ለዙፋን የሚያሰጉ የንጉሥ ዘሮች በወኅኒ አምባ እንዲታሰሩ ያደረጉ እርሳቸው ናቸው፤ ወኅኒ ቤት የሚለው ስም ከዚሁ አምባ እንደ ወጣ ይነገራል። በእርጅናቸው የዐመፀባቸው ልጃቸው ዳዊትም ወደዚያው ተላከ።

ዐፄ ፋሲል በጥቅምት 1667 በአዘዞ ዐረፉ። ዘውዱን የወረሱት ልጃቸው ዮሐንስና ከእርሳቸውም በኋላ ከነገሡት አንዳንዶቹ በአባቶቻቸው ግንብ አጠገብ የየራሳቸውን አቆሙ። ግቢው በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ንጉሡ ራሳቸው ግን የተቀበሩት በጐንደር አይደለም፤ በጣና ውስጥ በዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት ነው።