በቱንቢ ጨዋታን ያቀና ሰው፤ የሐሪ ዊልያምስ ሕይወት

ከጎንደር ተነሥቶ በማክሰኝት በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ መንገደኛ፥ በየከተማው መንገድ ዳር ወጣቶች ጆተኒ ከበው ሲጫወቱ ማየቱ አይቀርም። አንዱ ጠረጴዛውን ነቅነቅ አድርጎ ኳሷን ወደ ወደደበት ሲያስኬድ፥ ሌላው ተቈጥቶ ይከራከረዋል። ጨዋታ ባለበት ሁሉ ይህ ጠብ አለ። ዛሬ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርብለት አሜሪካዊ መሐንዲስ ሐሪ ዊልያምስ፥ ስሙ በጨዋታው ወዳጆች ዘንድ የታወቀው ለዚህ ጠብ ዳኛ በማግኘቱ ነው። ከዚህ በታች የሚነሡት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዊልያምስ የደከመበት ጨዋታ ፒንቦል ይባላል፤ በኢጣልያና በፈረንሳይ ፍሊፐር የሚሉት ነው። መስተዋት የተከደነበትና ወደ ተጫዋቹ ያዘነበለ ጠረጴዛ ነው። ሳንቲም ከገባበት በኋላ 80 ግራም ያህል የምትመዝን የብረት ኳስ በሞላ ተገፍታ ወደ ላይ ትወጣለች፤ ስትመለስም በየመሰናክሉ እየተጋጨች ነጥብ ታስቈጥራለች። የተጫዋቹ ድካም ኳሷ ቶሎ ወርዳ ከታች ካለው ቀዳዳ እንዳትገባበት ነው።

ሐሪ ዊልያምስ በ1906 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደ። በካሊፎርኒያ በሚገኘው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲም ምሕንድስና ተማረ። ነገር ግን ወደ ሥራ ዓለም በገባበት ጊዜ የዓለም ንግድ ወድቆ፥ የተማረውም ያልተማረውም ሥራ አጥቶ ይንከራተት ነበር። እርሱ በሎስ አንጀለስ ሳለ በሳንቲም የሚሠሩ የጨዋታ ጠረጴዛዎች ንግድ ውስጥ ገባ። አዲሱ ጠረጴዛ ውድ ስለ ነበረ፥ ሰው የሰለቻቸውን አሮጌዎች እየፈታ፥ ሣጥናቸውን ትቶ የመጫወቻ ሰሌዳቸውን እየለወጠ እንደ አዲስ ያወጣቸው ጀመር። እጁ ሥራውን የለመደው በዚህ ዓይነት ነው።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ አድቫንስ የተባለውን ጠረጴዛ ሠራ። በላዩም ኳሷን የሚያሳልፉ ትንንሽ በሮች ነበሩበት። እንደሚተረከው፥ አንድ ቀን በአንድ መደብር ውስጥ ቆሞ ሲመለከት፥ አንድ ተጫዋች የጠረጴዛውን ሆድ ከሥር በመዳፉ እየመታ ያለ ድካም ነጥብ ሲሰበስብ አየ። ዊልያምስም ተቈጥቶ ከጠረጴዛው ሥር ጫፋቸው ወደ ውጭ የወጣ ምስማሮች መታበት። ቈይቶ ግን ያደረገው ነገር ደስ አላሰኘውም። ምስማር አታላዩንና ሳያውቅ እጁን የሰደደውን አይለይም፤ ስለ አንዲት ሳንቲም ጨዋታም የሰውን መዳፍ መብሳት በቀል እንጂ ዳኝነት አይደለም።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ ዊልያምስ ነገሩን ከሥሩ መረመረ። መከልከል ያለበት የጠረጴዛው ከልክ በላይ መናወጥ ነው። ስለዚህ በጠረጴዛው ውስጥ በትንሽ ምሰሶ ላይ አንዲት ኳስ አስቀመጠ። ጠረጴዛው በኀይል ሲነቃነቅ ኳሷ ከምሰሶዋ ትወድቃለች፥ ጨዋታውም ያበቃል። መጀመሪያ ያወጣለት ስም በእኛ ቋንቋ ጆሮ ጠቢ እንደ ማለት ነበር። በኋላ ግን አንድ ተጫዋች ጠረጴዛውን ማዘንበሉን ተናግሮ ሲያማርር በመስማቱ ስሙን ቲልት፥ ማለት ማዘንበል፥ ብሎ እንደ ለወጠው ይነገራል።

ከዚያም የተሻለ ዘዴ አገኘ። ግንበኛ ግድግዳውን እንደሚያቀናበት ያለ ቱንቢ በብረት ቀለበት መካከል አንጠለጠለ። ጠረጴዛው ሲናወጥ ቱንቢው ተወዛውዞ ቀለበቱን ከነካ የኤሌክትሪኩ መንገድ ይገናኝና ጨዋታው ይቆማል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት የሚጠብና የሚሰፋ ስለ ሆነ፥ ባለቤቱ እንደ ወደደው ልኩን ይወስናል። ጥቂት መግፋት የተጫዋቹ ብልኀት ሆኖ ተፈቀደ፤ ልክ ያለፈ ሰው ግን ጨዋታውን ያጣል እንጂ አይቈስልም።

ኤሌክትሪክን ወደዚህ ጨዋታ ካስገቡት ቀደምት ሰዎችም አንዱ እርሱ ነው። በ1933 በወጣው ኮንታክት በተባለው ጠረጴዛ ላይ፥ ከጉድጓድ የገባችውን ኳስ በባትሪ ድንጋይ ኀይል የሚሠራ ማግኔት መልሶ ያስወጣት ነበር። ከዚያም በኋላ ወደ ሺካጎ ሄዶ በ1943 በስሙ የሚጠራውን ፋብሪካ አቋቋመ። ዘመኑ የጦርነት ዘመን ስለ ነበረና ለጨዋታ የሚሆን ብረት ስላልተገኘ፥ ሥራውን የጀመረው እንደ ወጣትነቱ ጊዜ አሮጌውን በማደስ ነበር።

በዚያው ጊዜ ጨዋታው ብርቱ ጠላት ተነሣበት። የኒው ዮርክ ከንቲባ ፊዮሬሎ ላ ጓርዲያ፥ ጨዋታው ቁማር ነው፥ የልጆችንም ሳንቲም ይበላል በማለት በ1942 አገደው፤ ብዙ ጠረጴዛዎችም በመዶሻ ተሰባበሩ። በቁማርና በወንበዴ ገንዘብ የተበላሸ ቦታ ብዙ ስለ ነበረ የከንቲባው ሐሳብ ያለ ምክንያት አልነበረም። ይሁን እንጂ መዶሻውም እንደ ምስማሩ ጥፋተኛውንና ንጹሑን አልለየም። በ1947 ጎትሊብ የተባለው ፋብሪካ ኳሷን መልሰው የሚመቱ ክንፎች ያሉበትን ጠረጴዛ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ይበልጡን በዕድል ላይ የተመሠረተ የነበረው ጨዋታ የእጅ ብልኀት የሚታይበት ሆነ። እገዳው ግን በኒው ዮርክ እስከ 1976 ድረስ ቈየ።

ዊልያምስ በ1953 ነጥቡን በሚሽከረከሩ ቁጥሮች የሚያሳይ አርሚ ኔቪ የተባለ ጠረጴዛ ሠራ። ፋብሪካውን ከለቀቀ በኋላም ከሥራው አልራቀም፤ በ1980 የወጣው ፍላይት 2000 በእርሱ የተነደፈ ነው። በ1983 ዐረፈ።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ኤሌክትሮኒክስ የሽቦና የማግኔቱን አሠራር ተካው። አሮጌዎቹን ጠረጴዛዎች ግን በብዙ አገር የሚሰበስቡ፥ የሚያድሱና የሚጫወቱባቸው ሰዎች አሉ። ከሆዳቸው የሚገኘው ማግኔት፥ ሞተርና መካኒኮቻችን ፑንቲና እንደሚሉት ያለ የኤሌክትሪክ ማገናኛ ነው። ብልሽቱም በዓይን የሚታይ በጆሮም የሚሰማ ስለ ሆነ፥ ትዕግሥትና የሽቦውን ካርታ ማንበብ የሚችል ሰው ይጠግነዋል። በሆዳቸውም ውስጥ የዊልያምስ ቱንቢ እስከ ዛሬ ተንጠልጥሎ ይገኛል።

ተማሪ ከዚህ ሰው አሮጌውን ፈትቶ መማርን ያገኛል። ሕግ የማውጣትና የማስከበር አደራ የተጣለበት ወጣት ሹም ደግሞ ከፊቱ ምስማር፥ መዶሻና ቱንቢ ተዘርግተው ያያል። ሁለቱ ቍጣን ቶሎ ያበርዳሉ። ጥፋትን ከጨዋታ የሚለየው ግን ልኩን የሚያውቀው ቱንቢ ነው።