ፒተር ደባይ እና የጠጣሮች ሙቀት

ፕሮፌሰር ፒተር ደባይ እ.ኤ.አ. በ1884 በኔዘርላንድስ፣ በማስትሪኽት ከተማ ተወለዱ። በ1905 በጀርመን አገር፣ በአኽን፣ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመረቁ።

አንስታይን በ1907 የጠጣር አካል አቶሞች ሁሉ በአንድ ድግግሞሽ እንደሚርገበገቡ ቆጥረው ያወጡት ስሌት በብርቱ ቅዝቃዜ ከልኬት ይርቅ ነበር። ደባይ በ1912 ርግብግቢቱን እስከ አንድ ወሰን እንደሚደርስ የድምፅ ሞገድ ቢያዩት፣ ሙቀት የመያዝ አቅም በብርቱ ቅዝቃዜ ከፍጹም መጠነ ሙቀት ሦስተኛ ርቢ ጋር እንደሚመጣጠን አገኙ። ወሰኑ በመጠነ ሙቀት ሲገለጽ ለእርሳስ 105 ኬልቪን ያህል፣ ለአልማዝ ከ2000 በላይ ነው።

ዛሬ በነጻ የሚታደለው ጊብስ2 የተሰኘ ፕሮግራም ይህንኑ ቀመር ይዟል። ኮምፓይል አድርጎ የሚያስኬደው መሐንዲስ ግን፣ ኮምፒዩተሩ ስድስት አኃዝ ቢያትምም፣ ቀመሩ ውስብስብ ክሪስታል ላላቸው ጠጣሮች ሁልጊዜ እንደማይሰምር ልብ ሊል ይገባዋል።

የ1936 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው፣ የሚገርመው፣ ለሌላ ሥራ፣ ለሞለኪዩል ቅርጽ ጥናታቸው ነበር። በ1940 ወደ አሜሪካ ተሻግረው በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ በ1966 አረፉ።