ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ

ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ (ሚያዝያ 1853 – ኅዳር 1872 ዓ.ም.) የዳግማዊ አጼ ቴዎድሮስና የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ልጅ ነበር። በደብረ ታቦር ተወልዶ በ7 ዓመቱ ከመቅደላ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ በ18 ዓመቱም በሊድስ ከተማ ሞተ። ከልጅነቱ ጀምሮ የተጫነው ሐዘንና ብቸኝነት እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም።

የስደት መጀመሪያ

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ አጼ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ። እናትና ልጅ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ጠረፍ ሲጓዙ እቴጌ ጥሩወርቅ ታመው በግንቦት 8 ቀን በመንገድ ላይ አረፉ። ልጁ በአምስት ሳምንት ውስጥ ሁለቱንም ወላጆቹን አጣ። አብረውት የወጡት አስተማሪው አለቃ ዘነብም እንግሊዝ ሳይደርሱ ተለይተውት ተመለሱ።

የቀረው ሻምበል ትሪስትራም ስፒዲ ብቻ ነበር። ስፒዲ ቀድሞ በኢትዮጵያ የኖረ፣ አማርኛ የሚያውቅ፣ ባሻ ፈለቀ የተባለ ግዙፍ መኮንን ነው። ልጁ ሌሊት ብቻውን መተኛት ስለሚፈራ ከስፒዲ አጠገብ ይተኛ ነበር፤ ቀንም ከአጠገቡ አይርቅም። በዋይት ደሴት አብረው ሲኖሩ ንግሥት ቪክቶሪያ ልጁን አይታ ወደደችው። ስፒዲ ወደ ሕንድ ሲላክም ዓለማየሁ አብሮት ሄደ። ሐዘኑን ያስታገሰለት አንድ ነገር ቢኖር ይህ አብሮነት ነበር ማለት ይቻላል።

መለያየትና ትምህርት ቤት

ወጪውን የሚሸፍነው የእንግሊዝ መንግሥት ግን ልጁ በእንግሊዝ አገር በደንብ መማር አለበት ብሎ ወሰነ። ንግሥቲቱ ከስፒዲ እንዳይለይ ብትፈልግም የገንዘብ ሚኒስትሩ ሮበርት ሎው አሳብ ጸና። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጀመሪያ ዓለማየሁ ከስፒዲ ተለይቶ ለቸልተናም ትምህርት ቤት ኃላፊ ለጄክስ ብሌክ ተሰጠ፤ ኃላፊው በ1874 ወደ ራግቢ ሲዛወርም ተከትሎት ሄደ። ውሳኔው ለልጁ እንደታሰበ አያጠራጥርም፤ ይሁንና አማርኛ የሚያናግረውን የመጨረሻ ሰው ነጠቀው። የአባቱ ቋንቋ ቀስ በቀስ ከአንደበቱ ጠፋ።

በጨዋታና በስፖርት ከጓደኞቹ ጋር ተግባብቶ ነበር፤ በትምህርቱ ግን ደካማ ነበር። በ1878 እ.ኤ.አ. በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገብቶ ደስታ ስላላገኘ ብዙም ሳይቆይ ወጣ። ከዚያም በራግቢ ወደሚያውቀው መምህር ሲሪል ራንሰም፣ ወደ ሊድስ ተላከ። ያለ ሐኪም ምርመራ ከሩቅ ሆኖ ሕመሙን ድባቴ ብሎ መሰየም አይቻልም። ቢሆንም የሚወደውን ሰው ሁሉ ደጋግሞ ያጣ ልጅ ኑሮው ሳይረጋ እንደቀረ ታሪኩ በግልጽ ያሳያል።

ሞትና ቀብር

በ1879 እ.ኤ.አ. መጸው ላይ በሳንባ ሽፋን ሕመም ተያዘ። ተመርዣለሁ ብሎ ስላመነ ምግብና መድኃኒት እምቢ አለ፤ ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. (ኖቬምበር 14 ቀን 1879 እ.ኤ.አ.) አረፈ። ንግሥት ቪክቶሪያ በማስታወሻዋ ላይ በሞቱ ማዘኗን፣ ሕይወቱም ደስታ የራቀው እንደነበር ጽፋለች። በእርሷ ፈቃድ በዊንዘር ቤተ መንግሥት በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ተቀበረ።

ኢትዮጵያ አጽሙ እንዲመለስ በ1999 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በኩል ጠይቃለች። በ2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ሌሎች መቃብሮች ይረበሻሉ በሚል ምክንያት አልፈቀደም። በዚያው የፈረንጆች ዓመት በሴፕቴምበር ወር ግን ከራሱ ፀጉር የተቆረጠ ጥቂት ለንደን ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ተሰጥቷል።